ሁለት መቶ ሚሊ

መጋቢት 4 ቀን 2004፣ ማክሰኞ

አሲዱ መጣ። ከመስከረም ጀምሮ ስንጠይቅ ቆይተን ዛሬ አራት ጠርሙስ ያልቀጠነ ሰልፈሪክ፣ እያንዳንዱ ሁለት ሊትር ተኩል። ጫኞቹ ሣጥኑን እንደ ቢራ ሣጥን ሊወረውሩት ሲሉ ደርሼ ጮህኩባቸው። እንደዚያ መጮህ እንደምችል አላውቅም ነበር።

የትምህርት ቤታችን የኬሚስትሪ መምህር ጋሽ ባዘዘው፣ የላብራቶሪው ረዳት እኔ ስለሆንኩ፣ መዝገቡ ላይ አስፈርመው የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ሰጡኝ። ጎጃሜ ናቸው፤ አርባ ምንጭ ሃያ ሁለት ዓመት አስተምረዋል። ግራ አውራ ጣታቸው ላይ ተማሪ ሳሉ አሲድ የበላው ጠባሳ አለ። «አገርነሽ፣ ከዛሬ ጀምሮ ይህ ቁልፍ ካንቺ ኪስ ሌላ ኪስ አያውቅም» አሉኝ።

ከሰዓት ለአስራ አንደኛ ክፍል ማሳያ ሠራን። ጓንት፣ መነጽር፣ ወፍራሙ ጋወን። መጀመሪያ አቀጣጠኑን አሳየኋቸው። ውሃው ቀድሞ ይገባል፣ አሲዱ በዘንግ ላይ ቀስ እያለ ይከተላል። ተገላብጦ ውሃ አሲድ ላይ ከተደፋ ፈልቶ ፊት ላይ ይፈናጠራል። ቀጥሎ ስኳር ላይ አፈሰስን። ነጩ ቢጫ፣ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ ጥቁር ሆኖ እያጨሰ ከመስታወቱ ቢከር ተነፍቶ ወጣ። አንዲት ተማሪ «ሰው ላይስ?» አለች። ጋሽ ባዘዘው «ሰውም ውስጡ ውሃ ነው፤ ውሃውን ይጠጣዋል» አሉ።

ገነነ ጠዋት ከአዲስ አበባ ገብቶ ነበር። የታናሽ እህቴ የቤተልሔም ባል ነው፤ ከላንቴ መንደር ሙዝ ጭኖ ማታ የሚነዳ፣ በሦስት በአራት ቀን አንዴ ጠዋት ቤቱ የሚገባ የአይሱዙ ሾፌር። ሲቀላ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ ነው የተከራየነው፤ እነሱ ሁለት ክፍል፣ እኔ ከጎናቸው አንድ። መሃላችን ያለው የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው። ለሥራ ስለብስ ከግድግዳው ወዲያ ዕቃ ወደቀ። ድስት ይሆናል። ራዲዮኑን ከፍ አደረግኩት።

መጋቢት 9፣ እሑድ

ቤቲ ግራ ዓይኗ አብጦ ተዘግቷል። ቅዳሴ አልመጣችም። «የቁም ሳጥኑ በር መታኝ፣ እታለም» አለችኝ። ቁም ሳጥን መቼ እንደገዙ አልሰማሁም። ገብቼ አላየሁም።

መጋቢት 15፣ ቅዳሜ

ገነነ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገባ። መኪናውን ሲያጠፋ፣ ከዚያ በሩን ሲከፍት፣ ከዚያ ለጥቂት ጊዜ ዝም። ከዚያ ጀመረ።

ቀበቶ መሆኑን በድምፁ አወቅኩት። ቀበቶ ድምፁ ሁለት ነው፤ ቆዳው ይቀድማል፣ ዘለበቱ ይከተላል። ቤቲ አትጮህም። ሰው እንዳይሰማ ትራስ ትነክሳለች መሰለኝ፤ የሚሰማው እንደ ሳል ያለ ነገር ነው። እሱ ግን ይናገራል። «ለማን ነው የደወልሽው? ለማን?» ይላታል። መልስ አይጠብቅም።

ወጥቼ በራቸው ላይ ቆምኩ። እጄን ለማንኳኳት አንስቼ ነበር። አከራያችን እትዬ ሻሺቱ ማድቤቷ ደጃፍ ሽንኩርት እየላጠች ነበርና አየችኝ። እጄን መለስኩት።

ገብቼ ልብስ አጠብኩ። የታጠበውን ደግሜ አጠብኩት።

መጋቢት 16፣ እሑድ

ቧንቧው ዘንድ እትዬ ሻሺቱ ለጎረቤት ስትናገር ሰማሁ። «እህትየው ከጎኑ ነው የሚተኛው። ጆሮው ደንቁሯል።» እኔን ማለቷ ነው። አፏን የፈታችው በጋሞኛ ስለሆነ አማርኛ ስትናገር ሴቱን ወንድ፣ ወንዱን ሴት ታደርጋለች። ነገሩ ግን በደንብ ገብቶኛል።

እኔ ብገባ ምን እሠራለሁ? እሱ በአንድ እጁ የሙዝ ዘለላ ከመሬት አንስቶ መኪና ላይ የሚወረውር ሰው ነው።

ሚያዝያ 3፣ ረቡዕ

በሰሞነ ሕማማት ሽማግሌ ተቀመጠ። ሦስት ሰዎች፤ ሁለቱ የገነነ ዘመዶች። ቤቲ ከንፈሯ ተሰንጥቆ ስለነበር ቃል ስታወጣ ይደማል። ገነነ ተንበርክኮ የሁሉንም ጉልበት ሳመ። «ሾፌርነት ያሳብዳል፣ እንቅልፍ የለኝም፣ ጫቱም አለ» አለ። አለቀሰም። አንደኛው ሽማግሌ ለቤቲ «አንቺም አፍሽን ሰብሰብ አድርጊ» አሏት።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አንቺ በጎን ያለሽ፣ ምን ትያለሽ?» ብለው ጠየቁ። ሁሉም አየኝ። ቤቲም አየችኝ።

«እኔ ቀኑን ሙሉ ሥራ ነኝ» አልኩ።

እውነት ነው። ሥራ ነኝ። ቅዳሜ ግን አይደለሁም።

ሚያዝያ 7፣ ፋሲካ

እነሱ ቤት ገደፍን። ገነነ በግ አርዷል። «አገርዬ፣ ቤታችንን ጠላሽው እንዴ?» ብሎ በእጁ አጎረሰኝ። ዋጥኩት።

ሚያዝያ 18፣ ሐሙስ

ዝናቡ ጠነከረ፤ ኩልፎ ወንዝ ሞልቷል። ላብራቶሪው ጣሪያ ስለሚያፈስ የአሲዱን ሳጥን ወደ ውስጠኛው መደርደሪያ አዛወርኩት። ውሃና ይህ ጠርሙስ አንድ ቦታ ሲያድሩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ቤቲ መጥታ አልጋዬ ላይ ተቀመጠች። ሙዝ ልጣ ሰጠችኝ። ቆየት ብላ «ያ ስኳሩን የሚያከስለው፣ እንዴት ያደርገዋል ቆዳ?» አለች።

እኔም እንደ ተማሪ አስረዳኋት። መጀመሪያ ዘይት የነካው ያህል ነው የሚመስለው፤ ከዚያ ማቃጠል ይጀምራል፣ ነጭ ይሆናል፣ ይጠቁራል። ዓይን ከነካ ጥቂት ቅጽበት ይበቃዋል። በጥቂት ውሃ መነካካት ያግለዋል፤ መዳኛው ብዙ ውሃ፣ የሚፈስ፣ ሳያቋርጥ ሃያ ደቂቃ ነው። ልብሱን ቀዶ መጣል። እንዳትቀቢው፣ ቅቤም ዘይትም።

በደንብ አዳመጠችኝ። «ውሃ ካልተገኘስ?» አለች።

«ለምን ጠየቅሽኝ?»

«እንዲሁ ነው፣ እታለም።»

ሁሉንም ለምን ነገርኳት? መጠኑን ሳይቀር ነገርኳት። ስንት ሚሊ ምን ያህል ቦታ እንደሚሸፍን ሳትጠይቀኝ ነገርኳት።

ሚያዝያ 25፣ ሐሙስ

ገነነ የአይሱዙውን በር ቤቲ እጅ ላይ ዘጋው። መኪናው ውስጥ የሴት ጸጉር ማስያዣ አግኝታ ይዛ ስትወርድ ነው። አንዴ ዘጋው፤ ከፍቶ ደግሞ ዘጋው። ሁለተኛውን እኔም አየሁ፤ ከሥራ እየገባሁ ነበር። አጥንቱ ሲሰበር የደረቀ ሸንበቆ ነው የሚመስለው።

ባጃጅ ይዘን ሆስፒታል ወሰድኳት። የእጇ አንጓና ሁለት ጣቶቿ ተሰብረዋል። ነርሷ «ምን ሆና ነው?» አለች። ቤቲ እኔን አየች። እሱ ከኋላችን በሩ ላይ ቆሞ ቁልፉን ያሽከረክራል።

«ወደቀች» አልኩ።

እኔ ነኝ ያልኩት። ቤቲ አይደለችም። ነርሷ እስክሪብቶዋን አቁማ ጥቂት አየችኝ፣ ከዚያ ጻፈችው።

ሚያዝያ 29፣ ሰኞ

ለግቢያችን ፍሳሽ ማስከፈቻ የሚሆን ትንሽ አሲድ ከላብራቶሪ ወሰድኩ። ፍሳሹ ተዘግቷል። ሁለት መቶ ሚሊ። ተማሪዎቹ ከወጡ በኋላ በመለኪያ ሲሊንደር፣ ጓንትና መነጽር አድርጌ፣ አንድ ጠብታ ሳላፈስ። ቡናማ ጠርሙስ፣ የመስታወት ክዳን ያለው። መዝገቡ ላይ «ለማሳያ» ብዬ ሞላሁ። አሸዋ በተሞላ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ አቁሜ አልጋዬ ስር አስቀመጥኩት። አጠገቡ አንድ ኪሎ ሶዳ አለ፤ ወለል ላይ ቢፈስስ ማብረጃ።

ሁሉንም እንደ ሕጉ አድርጌያለሁ።

ግንቦት 3፣ ዓርብ

ጋሽ ባዘዘው ጠርሙሱን ወደ መስኮት አዙረው አዩት። «ባለፈው ሰኞ ማሳያ አልነበረንም» አሉ።

«ለሙከራ ቀድሜ ላዘጋጅ ብዬ ነው» አልኩ።

ቤቲን እጇን ታስራ ሰኞ ገበያ አይተዋታል፤ ይህን አውቃለሁ፣ ምክንያቱም «እህትሽ እንዴት ነች?» ብለው ስለ እጇ ግን አልጠየቁኝም። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው እያጸዱ፣ «አሲድ እዚህ ስንት ጥበቃ አለው፤ ጓንት አለው፣ መዝገብ አለው፣ እኔና አንቺ አለንበት። ቤት ያደረ ቀን ግን የሚጠብቀው ንዴት ብቻ ነው» አሉ። «ሰኞ ጠርሙሱን ደግሜ አየዋለሁ። የጎደለው ሞልቶ ባገኘው አልጠይቅሽም።»

ሰኞ እመልሰዋለሁ።

ግንቦት 9፣ ሐሙስ

ሰኞ አልመለስኩትም። ዝናብ ነበር፣ ባጃጅ ውስጥ ይንገጫገጫል ብዬ። ጋሽ ባዘዘውም ፈተና ሲያዘጋጁ ከረሙ፤ ወይም ሊያዩት አልፈለጉም።

ቤቲ ቆርጣለች። እሑድ ጠዋት ጨንቻ፣ እማ ዘንድ ትወጣለች። ገነነ ዓርብ ጭኖ ከሄደ እሑድ ማታ ካልሆነ አይመለስም። ሻንጣዋን እኔ ክፍል፣ አልጋዬ ስር ከጣሳው ጎን ደበቅነው። ጣሳውን አየችው። ምንድን ነው አላለችኝም። እኔም አልነገርኳትም።

ግንቦት 11፣ ቅዳሜ

ሆስፒታል። ኮሪደር።

ገነነ ውስጥ ነው። ፊቱ፣ አንገቱ፣ ቀኝ ክንዱ። ቀኝ ዓይኑ ይዳን አይዳን አያውቁም።

ራሱ ነው። በራሱ እጅ ነው።

ወዲያው ውሃ አፈሰስኩበት። ወዲያው። ሃያ ደቂቃ፣ ከዚያም በላይ። ሐኪሙ «ውሃውን ማን ነው ያፈሰሰው? ባይሆን ኖሮ…» አለ።

እግሬ ላይ ሦስት ጠብታ። ምንም አይደለም።

ወዲያው ነው ያፈሰስኩት።

ግንቦት 12፣ እሑድ

በሥርዓት ልጻፈው።

ገነነ መኪናው ምዕራብ ዓባያ ላይ ተበላሽቶበት ጭነቱን ለሌላ አስጭኖ ትናንት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ በሰው መኪና ተመለሰ። ቤቲ የቀረ ልብሷን በፌስታል እያደረገች ነበር። ፌስታሉን አየ። ግቢው መሃል በጸጉሯ ጎትቶ አወጣት፤ ጀሶ ያለበትን እጇን ረገጠው። ያኔ ጮኸች። በትዳሯ ሦስት ዓመት ውስጥ ስትጮህ የሰማኋት ትናንት ብቻ ነው።

ወጣሁ። በዚህ ጊዜ ወጣሁ። ከወገቡ ያዝኩት። በክርኑ አፌን መታኝ፣ ጥርሴ ተነቃነቀ፣ መሬት ወደቅኩ። «ሻንጣውን የት አደረግሽው? አንቺ ነሽ የምታስተምሪያት!» አለኝና ወደ ክፍሌ ገባ። አልጋውን በአንድ እጁ ገለበጠው። ሻንጣውን አወጣ፣ ቀደደው። ከዚያ ጣሳውን በእግሩ መታው፤ ጠርሙሱ ከአሸዋው ውስጥ ተንከባሎ ወጣ፣ አልተሰበረም።

«አረቄም ትደብቂያለሽ፣ የእግዜር ሚስት!» ብሎ አነሳው።

ቤቲ በሩ ላይ ነበረች። ገነነ የጠርሙሱን አንገት ይዞ እንደ ቆመጥ ሊመታት ወደ ላይ አነሳው። ክፍሌ በሩ ዝቅ ያለ ነው፣ ጉበኑ ብረት ነው፣ እሱ ረጅም ነው። ጠርሙሱ ብረቱን መታና እጁ ላይ ተበተነ።

መጀመሪያ የገረመው መሰለ። ፊቱን በመዳፉ ጠረገው። ከዚያ ሸሚዙ አጨሰ። ከዚያ የሰማሁት ድምፅ የሰው አይመስልም ነበር። ግድግዳውን በጭንቅላቱ እየመታ ወጥቶ ጭቃው ላይ ወደቀ፤ ፊቱን ጭቃው ውስጥ ይጠርጋል፣ ቆዳው ከጭቃው ጋር ይነሳል።

አሲድ ነው ብዬ ጮኼ ነበር መሰለኝ። ጮኼ መሆን አለበት።

የውሃ በርሜሉ ሙሉ ነበር። በጣሳ ሳይሆን በባልዲ፣ ከራሱ ወደ ታች፣ ዓይኑን በጣቶቼ ከፍቼ። ሸሚዙን በምላጭ ቀደድኩት። እትዬ ሻሺቱ ቅቤ ይዛ መጣች፤ «ውሃ!» ብዬ ገፋኋት፤ ቅቤውን ጥላ ከጎረቤት ጀሪካን በጀሪካን ታመላልስ ጀመር። በርሜሉ ሲያልቅ ሃያ አራት ደቂቃ ሆኖ ነበር። ከዚያ ባጃጅ።

ዛሬ ጠዋት ፖሊስ መጥቶ ቤቲን ወሰዳት። ለምንድን ነው ቤቲን?

ግንቦት 14፣ ማክሰኞ

ቤቲ ሁለት ሌሊት ጣቢያ አደረች። እጇ አብጧል። ምግብ ሳደርስ በበሩ ቀዳዳ በኩል ብቻ አየኋት። «ምንም እንዳትናገሪ» አለችኝ።

ገነነ በቃሉ «ሚስቴ ደፋችብኝ» ብሏል። እትዬ ሻሺቱም ዓይኗ እያየ «ጠርሙሱን አነሳች፣ ሰበረች፣ ደፋች» ብላ ቃል ሰጥታለች አሉኝ። አበድኩ። ማድቤቷ ገብቼ «ለምን?» ብዬ ጮህኩባት። ግራ ገብቷት አየችኝ። «እኔ ምን አልኩ? ያየሁትን ነው። ገነነ አነሳች፣ ገነነ ሰበረች አልኩ!» አለች።

ገነነ አነሳች። የጣቢያው ጸሐፊ «ገነነ» ያለችውን ትቶ «አነሳች» ያለችውን ጽፏል።

ባጃጅ ውስጥ ሁለት ሰዎች ያወሩ ነበር። አንዱ «ሴት ካመረረች እባብ ናት» አለ። ከኋላ ያለችው ሴትዮ «ይበለው» አለች። ሁለቱም ቤቲ አደረገችው ነው የሚሉት።

ጋሽ ባዘዘው ቤቴ መጡ። ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ «እኔ ለመኪና ባትሪ ሰጥቻት ነው ብል ነገሩ ይቀላል» አሉ። ጡረታቸው ዓመት ተኩል ነው የቀረው። አሁን ድረስ እምቢ አላልኳቸውም።

ግንቦት 15፣ ረቡዕ

ይህን ማንም ካላነበበው እዚህ ልጻፈው።

አልጮህኩም። ጠርሙሱን ሲያነሳው መሬት ላይ ሆኜ በበሩ አየሁት። «አስቀምጠው፣ አሲድ ነው» ማለት እችል ነበር። አፌ ደም ነበር፣ ግን መናገር እችል ነበር። ለጫኞቹ ጮኼ የለ? ጠርሙሱ ከአሸዋው ሲወጣ የተሰማኝን አውቀዋለሁ። ፍርሃት አልነበረም።

ወዲያው አላፈሰስኩም። ባልዲውን በርሜሉ ውስጥ ነክሬ ሞላሁት። ቤቲ መጥታ ባልታሰረው እጇ ባልዲውን ያዘችው። «ተይው» አለች። ጮክ ብላ። «ተይው፣ እታለም፣ ተይው!»

ተውኩት። ቆምኩ። ምን ያህል እንደሆነ አውቃለሁ፣ ምክንያቱም እየቆጠርኩ ነበር። እየቆጠርኩ መሆኔን ያወቅኩት ሃያ ላይ ስደርስ ነው። አሲድ በሃያ ምን እንደሚያደርግ በአርባ ምን እንደሚያደርግ ከከተማው ሰው ሁሉ በላይ አውቃለሁ። እሱ ደግሞ ጭቃው ላይ እየተንከባለለ «እናቴ» ይላል። ሠላሳ አምስት ስል ቤቲን ገፋኋት። ወደቀች፣ በተሰበረው እጇ ላይ። ከዚያ ነው ውሃው።

ለፍሳሽ ነው ብዬ የጻፍኩትም ውሸት ነው። ግቢያችን ፍሳሽ የለውም። ለራሴ ደብተር ለምን እንደምዋሽ አላውቅም።

ሽማግሌዎቹ ሲጠይቁኝ፣ ነርሷ ስትጠይቀኝ አንድ ቃል ብናገር ኖሮ ጠርሙስ አያስፈልግም ነበር።

ግንቦት 16፣ ሐሙስ

ጋሽ ባዘዘውን «አይሆንም» ብያቸው በራሴ ወደ ጣቢያ ሄድኩ።

የተቀበለችኝ ሳጅን ወርቂቱ ናት፤ የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ የያዘችው። ወፍራም፣ ቀስ ብላ የምትናገር፣ የጋሞው ቦንኬ ሰው። እትዬ ሻሺቱን ጠዋት ጠርታ በጋሞኛ እንደ አዲስ ጠይቃታለች። በጋሞኛ እትዬ ሻሺቱ አንድም አልተሳሳተችም። ማን እንዳነሳው፣ የትኛው ብረት እንደመታ፣ የመጋቢቱን ቀበቶ፣ የመኪናውን በር፣ ሁሉንም በቀኑ ተናግራለች። እኔ ጆሮዬን የደፈንኩበትን እሷ ቆጥራ ይዛዋለች።

«አሲዱን ለምን ቤት ወሰድሽው?» አለችኝ ሳጅኗ።

«ለፍሳሽ።»

«ግቢያችሁን አይቻለሁ። ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ነው። የቧንቧው ውሃ ጓሮ ውስጥ ነው የሚፈስሰው።» እስክሪብቶዋን አላነሳችም። «ጊዜ አለን፣ እህቴ።»

ነገርኳት። ሰርቄ ነው የወሰድኩት፤ መዝገቡን በውሸት የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ጋሽ ባዘዘው አያውቁም። ለምን እንደወሰድኩት ስትጠይቀኝ «ቤቲን ዳግመኛ ከነካት ብዬ» አልኩ። «ብለሽ ምን?» አለች። «ብዬ» አልኩ። ጻፈችው።

መጨረሻ ላይ ቃሌን አነበበችልኝ። «ጉዳቱ እንደደረሰ ወዲያው ውሃ አፈሰስኩ» የሚለው ላይ ስትደርስ አቆምኳት።

«ወዲያው አይደለም። ቆሜ ነበር። እስከ ሠላሳ አምስት ድረስ።»

ለረጅም ጊዜ አየችኝ። «ይህ እንደማይጠቅምሽ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

ሰረዘችና አስተካክላ ጻፈች። ቤቲ ያለችውን አልነገርኳትም። ፈረምኩ።

ቤቲ አስር ሰዓት ላይ ተፈታች። በወጣችበት በር እኔ ገባሁ።

ግንቦት 23፣ ሐሙስ

አምስት ሌሊት አድሬ ማክሰኞ በዋስ ወጣሁ። ዋሱ ጋሽ ባዘዘው ናቸው። ክሱ የመንግሥት ንብረት መውሰድና አደገኛ ነገር በቤት መያዝ ነው፤ የቆምኩበትን ዐቃቤ ሕግ ገና አላየውም። ቀጠሮው ሐምሌ 5 ነው። ገነነም የቤቲን እጅ በመስበር ተከሷል፤ ሲድን ይቀርባል።

ትምህርት ቤቱ ከሥራ አሰናበተኝ። ቁልፉን ስመልስ ጋሽ ባዘዘው «ስምንት ዓመት አንድ ብርጭቆ አልሰበርሽም» አሉኝ። ቁልፉን መዳፋቸው ላይ ትቼ ወጣሁ።

ሰኔ 10፣ እሑድ

ሆስፒታል ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ ሦስት ቀን አስቤ መልስ አላገኘሁም፤ እግሬ ወሰደኝ።

ቀኝ ዓይኑ ጠፍቷል። ጆሮው ጫፍ የለውም። አንገቱ ላይ ቆዳው ተኮማትሮ ጭንቅላቱን ወደ ትከሻው ጎትቶታል። እናቱ አጠገቡ ተቀምጣ ዝንብ ታባርራለች። እኔን ስታይ ተነስታ ወጣች፤ ሳትሰድበኝ። መሰደቡ ይሻለኝ ነበር።

«አገርዬ ነሽ?» አለ። ድምፁ የድሮው ነው።

«ነኝ።»

«ሐኪሙ ውሃው ነው ያተረፈህ ይለኛል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቤቲ ተይው ስትል ሰምቻለሁ። ሦስት ጊዜ። ለፖሊስ አልተናገርኩም።»

አልጋውን ያዝኩት።

«ባሌ ነው ብላ ትመለስ። አንድ ዓይን ነው የቀረኝ፣ መንዳት አልችል፣ ማን ያበላኛል? ከተመለሰች አልናገርም። በያት።»

ለይቅርታ ነበር የሄድኩት መሰለኝ። ይቅርታ ልጠይቀው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ስለ ሠላሳ አምስቱ ዛሬም ሌት ከቀን እግዜርን እጠይቃለሁ። ግን ያ እጅ፣ በፋሻ የተጠቀለለው፣ አንሶላው ላይ ሲጨበጥ አየሁት።

«አትመለስም፣ ገነነ» አልኩት። «የፈለግከውን ተናገር። እኔ የራሴን ተናግሬያለሁ።»

ጮኸ። ነርሶች መጡ። ወጥቼ ወደ ቤቴ በእግሬ ሄድኩ።

ሰኔ 16፣ ቅዳሜ፣ ጨንቻ

ትናንት ወጣሁ። ጉሙ ከሰዓትም አልተገፈፈም። እማ ስለ ትዳር አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ ቤቲን ከራሷ ጋር አልጋዋ ላይ ነው የምታስተኛት።

የቤቲ ጀሶ ወጥቷል። ሁለቱ ጣቶች አይታጠፉም፤ የእጇ አንጓ ጠማማ ሆኖ ነው የገጠመው፤ የገፋኋት ጊዜ ይሁን እሱ የረገጣት ጊዜ ሐኪሙ መለየት አልቻለም። እኔ ጠይቄው ነበር።

ከሰዓት ደጃፉ ላይ ገብስ እየለቀምን ሁሉንም ነገርኳት። ሆስፒታል መሄዴን፣ ፊቱን፣ ያለውን። «ተይው ስትይ ሰምቶሻል። ሊከስሽ ይችላል» አልኳት።

እጇ ገብሱ ላይ ቆመ። ፊቷ ይለዋወጣል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ አልተለዋወጠም።

«ሦስት ዓመት ‹ተወኝ› ብዬ ለመንኩት» አለች። «አንድ ቀን አልሰማኝም። እንኳን ሰማ።»

ከዚያ እኔን አየችኝ፣ ከሽማግሌዎቹ ቀን ወዲህ እንዲያ አይታኝ አታውቅም። «አንቺንም ለመንኩሽ፣ እታለም። በግድግዳው። አንቺም አልሰማሽም።»

«ሰምቼሻለሁ» አልኳት። «ሁሌም እሰማሽ ነበር።»

ተነስታ ትሄዳለች ብዬ ነበር። አልሄደችም። ቀና ሳትል፣ በሚታጠፉት ሦስት ጣቶቿ እንክርዳዱን ከገብሱ እየለየች ቀጠለች፤ እኔም ከወዲያኛው የሰፌዱ ጫፍ ጀመርኩ።